የወይራው መናፈሻ

ይስማው ወይራዬን ሊያስቆርጠው እንደሆነ የነገረኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የሰው ስልክ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ በትኜ ሳለ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቷል፣ ሐሙስ ይሄዳል፣ ስለዚህ ነገ ጨዋታውን ይደመድመዋል። ኩባንያው መናፈሻውን መንጥሮ ሕንፃ ይሠራበታል፣ ከተማዋም በዚያው ትዘጋለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ ዝግ ብሎ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ዲያቆን ነው። ዲያቆንም ነው። ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩና «እናያለን» አልኩት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ላስረዳ። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የምጠግንባት ሱቅ አለችኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጓዳዋ አራት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቻችን አንድ አንድ ሰው እንሆንና ያ ሰው የሚያደርገውን እንናገራለን፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል፣ የወጣው ቁጥር ይወስናል። በቃ ይኸው ነው። ተራኪው ይስማው ነው። የእዚሁ ጎጃም፣ የቁይ ልጅ ነው፤ ቆሎ ትምህርት ቤት አድጎ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረ። የጨዋታውን ሕግ ከጓደኛው በፍላሽ አገኘና የፈረንጁን ከተማ አውጥቶ ጥሎ የኛን አስገባበት፤ ደብረ ማርቆስን፣ ከዛሬ ሰባ ዓመት በኋላ። ዓባይን ከደጀን ማዶ በአየር የሚሻገር ባቡር አለ። ፎቁ ደመና ይነካል፣ የሁሉም ሰው ማጅራት ላይ ሽቦ ተተክሏል፣ ባጃጁ ይበራል። የባጃጁ ነገር ከአራታችን የአንዱ፣ የእንዳላማው ሐሳብ ነው፤ ባጃጅ ነጂ አይደል፣ ሌላ ምን ያምረዋል? አገሩን ሁሉ የያዘው አንድ ኩባንያ ነው።

በዚያች ከተማ መካከል አንድ መናፈሻ አለ። እሱ የኔ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የአባቴ ግቢ ውስጥ ትልቅ ወይራ ነበር። መንገድ መጣና ተቆረጠ። አባቴ በማግስቱ ወንበር አውጥቶ ጥላው በነበረበት ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። እስኪሞት ድረስ ያን ወይራ አላነሳውም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይስማው ከተማዋን ሲሠራ እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ጨምሩባት ሲለን እኔ ወይራውን አስገባሁ። እሱ ደግሞ ዙሪያውን እንደ ደብር ደን ዝግባና ኮሶ፣ ዋንዛም አለበሰውና አስማት ጨመረበት። እዚያ ገብቶ የሚያይ ካሜራ የለም፣ የማጅራት ሽቦም ዝም ይላል። ከሁሉ በላይ፣ ከወይራው ሥር የተነገረ ቃል ይጸናል፤ ሥጋም ይሁን ብረት ቃሉን ማፍረስ አይችልም። አንዴ በጨዋታው እንዳላማው ሊቀልድ ብሎ ከወይራው ሥር ሆኖ «ባጃጄን ሰጥቼሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ባጃጁ እስኪያስረክበኝ ድረስ አልነሳ አለው፤ ለስንት ጊዜ አኮረፈኝ መሰላችሁ።

በጨዋታው እኔ ወለተ ሐዋርያት ነኝ፤ የኩባንያውን ቁልፍ በኮምፒውተር የምትከፍት አሮጊት። መጀመሪያ ስቀውብኝ ነበር። ይሳቁ፣ አሮጊት ማን ይፈትሻል? እንዳላማው ይርጋ የሚባለው ልጄ ነበር፤ ነበር የምለው በፋሲካ ሰሞን የኩባንያው ሻለቃ ባቡር ላይ ስለ ገደለው ነው። ይኼ ሻለቃ ሁለመናው ብረት ነው፣ ጥይት አይበሳውም። የሰው ሆኖ የቀረው አፉ ብቻ ነው፤ ይስማው ከቅኔ መምህራን እግር ሥር ያደገ ሰው ስለሆነ መናገር የማይችል ጠላት አይጥመውም። የት ይወለድ ሲባልም ከአገሬ ይሁን ብሎ ቁይ ላይ አስወለደው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው።

አንድ ሕግም አለን፤ ያወጣው ራሱ ነው። በጨዋታው በእጅ የሚደረግ ነገር፣ ከጠብ በስተቀር፣ እዚህም በእጅ ይደረጋል። ሰዎቻችን እንጀራ ከቆረሱ እኛም እንቆርሳለን፤ ከተጨባበጡ እንጨባበጣለን።

እሑድ ሳንጀምር አስቀድሜ ውል አስገባሁት። መናፈሻው ከቆመ ከተማዋም ትቆማለች፣ ዳይሱም ለኔ ይሆናል፣ ከሐሙስ በኋላ ተራኪዋ እኔ ነኝ። ፈገግ አለና «ከቆመ» አለ። ንቀቱን አየሁለት። አይናዲስ፣ አራተኛዋ ተጫዋች፣ ነርሷ ጓደኛችን፣ ለመሸኛው ድፎ ጋግራ መጥታለች፤ ይስማውም እናቱ ከቁይ የላኩለትን ማር ይዞ መጥቶ ድፎው አጠገብ አስቀምጦታል።

ውጊያው አላማረብንም። የኩባንያው ማሽኖች መጋዛቸውን አሹለው በአጥሩ ዙሪያ ተሰለፉ። እንዳላማው በአዲሱ ሰውዬው ተጨማሪ ማሽን የሚመጣበትን ድልድይ ላፍርስ ብሎ ዳይሱ ከዳው። አይናዲስ ጭስ ለቀቀች፤ ማሽኖቹ ጭስ መች ያግዳቸዋል። ሻለቃው መጋዙን ይዞ ራሱ ገባ፣ ወይራው ሥር ቆመ፣ መጋዙንም አስነሳ። ይስማው የመጀመሪያውን ንክሻ ሲተርክ የዚያን ቀን የእንጨት ሽታ መጣብኝ። አንዴ ተቆርጦብኛል፤ ሁለተኛ አላስቆርጥም።

እንዳላማው አፉን በይው፣ አፉ ብቻ ነው ሥጋ፣ እያለ ይወተውተኛል። አሮጊቷ ሽጉጥ አላት፣ ዳይሱ እጄ ላይ ነው። ልጥለው ቃጥቶኝም ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። ግን ሻለቃውን ብገድለው ኩባንያው ሌላ ይልካል፣ እሱን ብገድል ሌላ። መቼ ያልቃል? አፉ፣ አፉ ሲለኝ ዓይኔ ማሩ ላይ አረፈ።

ዳይሱን አስቀመጥኩት።

«እንዳላማው፣ የይርጋ ደም ያንተ ነው» አልኩት። «ስጠኝ፤ ላድርቀው።»

የአገር ልጅ ስለሆነ ወዲያው ገባው፣ ፊቱም ተለዋወጠ። በኛ አገር፣ በፊት በፊት፣ ሽማግሌ ገብቶ ደም ሲደርቅ ገዳይ የሟች እናት የጡት ልጅ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። እናትየዋ አውራ ጣቷን ማር ታስነካለች፣ እሱ ይጠባል። ከዚያ በኋላ የሟቹን ቦታ ይይዛል፤ በቤቷ ላይ እጁን አያነሳም፣ ሌላም ቢያነሳ ከፊት ይቆማል። እንዳላማው ግን አሻፈረኝ አለ። ልጅሽን የገደለውን ልጄ ትይዋለሽ ወይ አለኝ፤ ይርጋ የሞተ ለት ባጃጁን ዳር አቁሞ እንዳለቀሰም ያን ጊዜ ነው የሰማነው። አልሳቅንበትም። እኔም ይርጋን እንደማልረሳው፣ ነገር ግን ወይራው ከወደቀ ይርጋ የሞተለት ነገር ሁሉ አብሮ እንደሚወድቅ ነገርኩት። በመጨረሻ ላንቺ ስል እሺ፣ ለሱ ግን አይደለም አለ። ይኼ ይበቃኛል።

አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነከርኩና በጠረጴዛው ላይ አሳልፌ ወደ ይስማው ዘረጋሁት።

«ወለተ ሐዋርያት ሻለቃውን እንዲህ ትለዋለች» አልኩ። «ልጄን ወስደህብኛል። በሱ ቦታ ግባ፤ የጡት ልጄ ሁን።»

እምቢ ማለት ይችል ነበር። የወይራው አስማት የተናገረውን ነው የሚይዘው፣ ዝም ያለውን አይይዝም። ማሩ በአንጓዬ እየወረደ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ እኔም እጄን አላጠፍኩም። ከዚያ ይስማው የተራኪውን ድምፅ ትቶ በራሱ ድምፅ ተናገረ።

«አያቴ በዚህ ነው የተረፈ» አለ።

ሦስት ዓመት አብረን ስንቀመጥ ነግሮን አያውቅም። አያቱ በድንበር ጠብ ሰው ገድለው ነበር፤ የሟች እናት ጣታቸውን ሰጧቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ሰብስበው ቢሆን ኖሮ አባቱም እሱም አይወለዱም ነበር። እስከ ዛሬ በሴትዮዋ ስም ተዝካር የሚያወጣው የነሱ ቤት ነው አለን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማሩን ከጣቴ ጠባ። አይናዲስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ እኔ የት ልጥረግ፣ እጄ ማር ነው።

ቀና ሲል ሻለቃው ነበር። «እማማ፣ ልጅዎ ነኝ» አለ። «ከዚህ ወይራ ሥር ብያለሁ።»

መጋዙ ቆመ። ሻለቃው ጀርባውን ለወይራው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ማሽኖቹ አዞረ፤ እነሱም ያለ እሱ ትእዛዝ አጥሩን አያልፉም። ኩባንያው ሌላ ቢልክ እንኳ መጀመሪያ እሱን ማለፍ አለበት፣ ጥይት ደግሞ አይበሳውም። እንዳላማው እያጉረመረመ ድፎውን ራሱ ቆረሰና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለይስማው ሰጠው፤ ወንድም ተብሎ የተሰጠኝ አንተ ነህ፣ ምን አደርጋለሁ እያለ። ይስማው ዳይሶቹን በመሐረቡ ጠቅልሎ ፊቴ አኖራቸው። ይገባኛል፣ ወሰድኩ።

ሐሙስ ሄደ። እኔም እሑዱን ያዝኩት፤ ላወራው አልችልበትም ብላችሁ እንዳታስቡ፣ እንዳላማው እንኳ ከይስማው ታስፈሪያለሽ ብሎኛል።

በገና ዋዜማ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ይስማው ነው። እኩያዬ ነው፣ እንዲያውም በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከጨዋታው ውጪ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

«እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ» አለኝ። «ልጅ ለበዓል እናቱ ዘንድ ይመጣል። ደጀን ደርሻለሁ።»

ሰው እያየኝ እንባዬ መጣ። እናቱ ቁይ እየጠበቁት መሆኑን ብነግረው፣ እሳቸው ጋ ነገ፣ ዛሬ እርስዎ ጋ ነኝ አለ። ቀጥሎ «ወይራውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቆሟል» አልኩት። «አባቴንም ጨዋታው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ወንበሩን አምጥቶ ከሥሩ ተቀምጧል።»