የስድሳ ሰከንድ ሰላምታ

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ኢዮሲያስ ለተሰበሩ ወንበሮች ያለው ፍቅር ለሰው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጻድቅ ይባል ነበር። አያስጠግናቸውም፣ አይጥላቸውም፤ ማስቀመጫ ብቻ ይፈልግላቸዋል። ዘንድሮ ዓይኑ ያረፈው በኮሌጃችን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ክፍል ላይ ነው።

ክፍሉ ሦስት በአራት ናት። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አምቦን በድሮ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» የሚል የንብረት ማኅተም ያለበት ቁም ሣጥን፣ አንድ የእጅ ሬዲዮ እና እኔ፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኗ ቤርሳቤህ፣ አለን። ክበቡን ያቋቋሙት ኦቦ ሙለታ ናቸው። ጣራው ላይ ያለውን አንቴና በእጃቸው ሠሩት፣ እኔንም እየተቆጡ ለፈቃድ ፈተና አስጠኑኝ፣ ከዚያ ጡረታ ወጥተው ጊንጪ ገቡ። እሳቸው በለፉበት ክፍል እግር የሌለው ወንበር ተከምሮ ከማይ ሥራዬን ብለቅ ይሻለኛል።

«ስልክ እያለ ይኼ ምን ያደርጋል?» አለኝ ዶክተሩ።

«ዶክተር፣ ይኼ ታወር አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ መሐል ላይ የሚያቀባብል ጣቢያም አይፈልግም። ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በቀጥታ ነው። ድምፅዎን ወደ ቁጥር ቀይሮ ይልከዋል፤ ማዶ ያለው ሬዲዮ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።»

«እንግዲያው ኦቦ ሙለታን ከጊንጪ አሰሚኝ። ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ አስር ደቂቃ ብቻ። ከሰማሁ ክፍሉ የእናንተ ነው። ካልሰማሁ ሰኞ ወንበሮቹ ይገባሉ።»

እሺ ያልኩት በትዕቢት ነው። ከዚያ በፊት ከኦቦ ሙለታ ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ልክ አራት ሰዓት ላይ ስንሞክር አንድም ቀን አልሰማኋቸውም፤ እሳቸውም አልሰሙኝም። በኋላ በስልክ እንነታረካለን።

«አንቺ ልጅ፣ ቻናሉን አበላሽተሽዋል» ይሉኛል።

«እርስዎ አንቴናው ላይ ልብስ አስጥተው ነው» እላቸዋለሁ።

ሁለቱንም ሬዲዮዎች፣ የእኔንም እሳቸው ጋር ያለውንም፣ ፕሮግራም ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር አንድ ዓይነት ናቸው። ሰው ቁልፉን ተጭኖ ከስድሳ ሰከንድ በላይ ካወራ ሬዲዮው ራሱ ያቋርጠዋል፤ እሱንም በሁለቱም ላይ እኩል ነው የሞላሁት።

ቅዳሜ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣን። ዶክተሩ በሱፍና በሹል ጫማ ነው የመጣው፤ ጭቃው የእጁን ሰጥቶታል። ልክ አራት ሰዓት ሲሞላ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቀዩ መብራት በራ።

«ኦቦ ሙለታ፣ አካም ጅርቱ? ነጋ ዻ? ቤተሰብ ደህና? ጤናዎስ? ወገብዎስ? ልጆቹ ይመጣሉ? ዝናቡስ እንዴት ነው?»

ታላቅ ሰው በሰላምታ ከቀደመኝ ያሳፍረኛል፤ እንደዚያ ነው ያደግኩት። ጥያቄ እየደረደርኩ ሳለ ሬዲዮው አቋረጠኝ። ትንሽ ጠበቅኩ። ምንም የለም። እንደገና ተጫንኩ፣ እንደገና ከቤተሰብ ጀመርኩ፣ እንደገና ተቋረጥኩ። የድሮው ሬዲዮ ቢሆን ቢያንስ ይንጫጫል፣ የሆነ ነገር ይላል። ዲጂታሉ ግን ወይ ጥርት አድርጎ ያሰማል፣ ወይ እንደ ቂመኛ ዘመድ ጭጭ ይላል።

«ስምንት ደቂቃ አለፈ» አለ ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ። «በቃ እንውረድ። ወንበሮቹን ዝናብ እየመታቸው ነው።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ሬዲዮውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ዞርኩበት።

«ዝናብ መታቸው? እኛን ሲመታን አዝነው ያውቃሉ? ለአንድ ሰው ተጨንቀው ያውቃሉ? እኔም ወንበር ሆኜ ብሰበር ኖሮ ነበር የሚሻለኝ!»

«እናትሽስ? የግቢው ሰው ሁሉ ሰላም ነው?» አለ ድንጋዩ።

ሁለታችንም ወደ ሬዲዮው ዞርን። ድምፅ ሲገባ የሚበራው አረንጓዴ መብራት በርቷል። የኦቦ ሙለታ ድምፅ ከኋላችን የቆሙ ያህል ጥርት ብሏል፤ ከሥሩም የጊንጪ አውቶቡስ ረዳት «አምቦ! አምቦ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልክ አራት ሰዓት ላይ እኩል ተጭነን፣ እኩል ሰላምታ ሰጥተን፣ እኩል ተቋርጠን፣ በጨዋነት እኩል ጠብቀን፣ እኩል እንጀምር ነበር። ቁልፉን የተጫነ ሰው ሌላውን መስማት አይችልም፤ ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። እሳቸው ሲያወሩ ጣቴን ከቁልፉ ላይ ያነሳሁት ዛሬ፣ አለቃዬን ስሳደብ ብቻ ነው።

እጄ መልስ ለመስጠት ወደ ቁልፉ ሄደ። በሌላው እጄ ያዝኩት። ታላቅ ሰው «ደህና ነሽ ወይ?» እያለ ዝም ማለት ጥርስ ከማስነቀል አይተናነስም።

«ዶክተር ኢዮሲያስስ እንዴት ነው? እናቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅስ? እግራቸው ተሻላቸው?» አሉ ኦቦ ሙለታ ቀጥለው።

ዶክተሩ ሬዲዮውን ላፍ አድርጎ ተጫነው። «እግዚአብሔር ይመስገን ኦቦ ሙለታ! እርስዎስ እንዴት ነዎት? ጤናዎስ?» የኦቦ ሙለታ ድምፅ ወዲያው ጠፋ። «ምነው ጠፉ?»

«እርስዎ ነዎት ያጠፏቸው! ይልቀቁት!»

«ሰላም ሲሉኝ ዝም ልበል?»

«አዎ! ዝም!»

ለቀቀው። «እናቴን ጠየቁልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ካመማት ወዲህ ከኮሌጁ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር እናት እንዳለውም አስቤ አላውቅም ነበር።

ኦቦ ሙለታም ስድሳ ሰከንዳቸው ሞልቶ ከተቋረጡ በኋላ አረንጓዴው መብራት እንደገና በራ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ቤርሳቤህ፣ ዛሬም አልሰማሽኝም አይደል? እንግዲህ ክፍላችን ሄደ ማለት ነው።» መብራቱ ጠፋ።

ዶክተሩን ቀና ብዬ አየሁት። «ይንገሯቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ ያለ ሰላምታ።»

ላብ አጠመቀው። አፉ ሁለት ጊዜ ለ«እንዴት ነዎት» ተከፍቶ ሁለት ጊዜ ተዘጋ። ከዚያ ተጫነና «ክፍሉ የእናንተ ነው» ብሎ እሳት እንደነካው ሰው ቁልፉን ለቀቀው።

ጠበቅን። አረንጓዴው በራ።

«ማነው ይኼ?» አሉ ኦቦ ሙለታ ከጊንጪ፣ ተቆጥተው። «ሰላምታ እንኳን የለውም እንዴ?»