ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ

አውቶቡስ ከተገለበጠበት ወዲህ ሹፌሩ መሪ ሲጨብጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተሳፋሪው ሞልቷል፤ እሱ ግን ማርሽ ማስገባት አቃተው። እህቱ «ሲጨንቅህ የምታየውን አንድ በአንድ ጥራ» ብላው ነበርና እያፈረ በለሆሳስ ጀመረ።

«መስታወት። የቆመ ታክሲ። ቀይ ጃንጥላ።»

ከኋላው የተቀመጡ አንዲት እናት ሰሙት። «ምን አልክ ልጄ?»

ሊዋሽ አሰበና ተወው። «ፈርቼ ነው እማማ። ያየሁትን ስጠራ ቀለል ይለኛል።»

ልውረድ ይሉኛል ብሎ ሰጋ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው፣ «በል ቀጥል፤ እኔም መኪና ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል» አሉና በመስኮቱ አዩ። «ውሻ።»

«ውሻ» አለ ሹፌሩ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እግሩ ግን ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ እጁም ማርሽ አስገባ፤ አውቶቡሱም ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።