በኮሶ ማግስት

ሰው ሁሉ አንድ የሚፈራው ነገር አለው። እኔ በዚያ ዘመን ሞትን እንኳ የዚያን ያህል አልፈራም ነበር፤ የምፈራው መሳቂያ መሆንን ነው። በዚያ ፍርሃት የሠራሁትን ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ዘመኑ ሰባ አራት ነው። ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ባሌ ጋሹ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ ቤት የቀረነው እኔና እናቱ እትዬ አስረሳሽ ብቻ ነን። ከተጋባን አራት ዓመት ቢሞላንም ልጅ አልነበረንም። አምና የወር አበባዬ ሃያ ቀን ቢዘገይ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለአማቴ ነገርኳቸው። እሳቸው ለማኅበራቸው ነገሩ፣ ማኅበሩ ለገበያው። በሃያ አንደኛው ቀን ደሜ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ባዩኝ ቁጥር «ወሬ አርግዛ ወሬ ወለደች» ይባባሉ ጀመር። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ከሦስቱ ጋር ተጣላሁ፣ ከአንዷ ጋር እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም።

ስለዚህ ዘንድሮ የየካቲቱ ሲቀር አፌን ዘጋሁ። የመጋቢቱም ቀረ፤ ጾሙ አድክሞኝ ነው አልኩ። ጾሙ ተፈታ፣ የሚያዝያውም ቀረ። ጧት ጧት ምራቄ አፌን እየሞላ፣ እያቅለሸለሸኝ ጓሮ ሄጄ እተፋለሁ። ልቤ ጠርጥሯል፤ አፌ ግን እሺ አላለም።

የእትዬ አስረሳሽ ዓይን የማይደርስበት የለም። ስተፋ አዩኝና ኮሶ ነው ብለው ፈረዱ። እውነታቸውን ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ ካልጠጣ ትሉ አያስቀምጠውም፣ ምራቅ መብዛትና ማቅለሽለሽም ምልክቱ ነው። እኛ ደግሞ በጾሙ ሳቢያ ቀኑን አሳልፈን ነበር። አበባውን ወቅጠው ይነፉ ጀመር። ኮሶ ለእርጉዝ እንደማይሰጥ፣ ፅንሱንም አብሮ እንደሚያወርድ አገር ያውቀዋል። እሳቸውም ሳይጠይቁኝ አልቀሩም።

«ሌላ ነገር የለም አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ ወንፊቱን እያራገፉ።

«ምን ሌላ ነገር አለና፣ እትዬ» አልኩ።

አለ ብዬ ባይኖርስ? እንደገና ለማኅበሩ፣ እንደገና ለገበያው። አልቻልኩም።

በማግስቱ ንጋት ላይ በባዶ ሆዳችን ጠጣን። እሳቸው ቀድመው አፍንጫቸውን ይዘው ጨለጡት። እኔ ሽክናውን ይዤ ቆየሁ። ግማሹን ጠጥቼ ግማሹን ልደፋው አስቤ ነበር፤ ግን ዓይናቸው ከእኔ አልተነሳም። እስከ አተላው ጠጣሁት። ቀትር ላይ የሳቸው ትል ወረደ። እኔ ሆዴ እስኪገለበጥ ተቀምጬ ከውኃ በቀር የወረደ ነገር የለም። ትል ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ተኛሁ፤ ቁርጠት በመጣ ቁጥር እየተነሳሁ ቀሚሴን አያለሁ።

በነጋታው ጠመኔ ላመጣ ነው ብዬ ወደ ቆቦ ተነሳሁ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ግራ ገባኝ። በእግሬ ብሄድ ድካሙ፣ በጭነት መኪና ብሄድ መንገጫገጩ፤ የትኛው ይገድለዋል? ሁለት መኪና አሳለፍኩና በእግሬ ጀመርኩ። በግንቦት ፀሐይ ያ ሜዳ ጥላ የለውም። ጥቂት እንደሄድኩ ቁጥቋጦ ፈልጌ ልብሴን አያለሁ፤ ምንም የለም። ደግሞ ጥቂት እሄድና አያለሁ። መንገደኛ ሁሉ ምን ነካት ሳይለኝ አልቀረም።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘሁት ሙሀመድሰይድ የሚባል ድሬሰር ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። አስተኝቶ ከእምብርቴ በታች በጣቶቹ ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰኝ። ባልሽ መቼ ሄደ፣ ደምሽ መቼ ቀረ ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት ወር አልፎታል» አለ። «አላህ በሰላም ያገላግልሽ።»

አለቀስኩ። ደስታ መስሎት ፈገግ አለ። ደስታም ነበረበት፣ እሱን አልክድም፤ አራት ዓመት የጠበቅኩትን ነው የነገረኝ። ከዚያ ካርዱን እየጻፈ በዚህ ሰሞን የወሰድሽው መድኃኒት አለ ወይ አለኝ። ትናንትና ኮሶ መጠጣቴን ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሚያድነውም የሚያጠፋውም ነገር እሱ እጅ ላይ እንደሌለ ነገረኝ። ከባድ ነገር እንዳልሸከም፣ በኮሶው የወጣብኝን ውኃ ብዙ ጠጥቼ እንድተካ፣ ቢያስመልሰኝም ደጋግሜ እንድበላ፣ ወባ ቢይዘኝ ከሱቅ ኪኒን ገዝቼ ሳልውጥ ወደሱ እንድመጣ ነገረኝ። አሥር ቀን ያለ ደም ካለፈ ተስፋ አለው አለ። ልወጣ ስል አስቆመኝ።

«ዛሬውኑ ቤት ላለ ሰው ንገሪ። ደም ከጀመረሽ እዚህ የምትመጪው በቃሬዛ ነው። ሰው ካላወቀ ማን ይሸከምሻል?»

ያ ሁሉ ምክር ሳይከብደኝ ይህ ከበደኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ በራሴ ደረሰ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አፌ ውስጥ ሳመላልሰው ነበር፤ እርጉዝ ነኝ፣ ዋሽቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ። ከየትኛው እንደምጀምር ግን አላውቅም።

እትዬ አስረሳሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቆሜ እርጉዝ ነኝ አልኳቸው። እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ትዝ አላቸው። እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ፣ ሰፌዱ ከጭናቸው ወደቀ።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁሽ» አሉ። «በገዛ እጄ።»

አውቄ ነው የጠጣሁት ብላቸው አልሰማ አሉኝ። እያንዳንዱን ብነግራቸው፣ ጠይቀውኝ መዋሸቴን ባስታውሳቸው፣ ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንስራውን ከጀርባዬ ነጠቁኝ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ውኃ ይቀዳሉ። አልጋዬ ሥር አጎዛ አንጥፈው ይተኛሉ። ለማኅበራቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ ቀሚሴን ሳይ እሳቸው ፊቴን ያያሉ። በአራተኛው ቀን ወገቤን ቆርጦ ያዘኝና ሁለታችንም አለቀልን ብለን ተቃቅፈን ተቀመጥን፤ ምንም ሳይመጣ ለቀቀኝ። በስድስተኛው ቀን ስቄ ነበር፤ ወዲያው ደንግጬ ቀሚሴን አየሁ።

አሥረኛው ቀን ነጋ። ልብሴ ንጹሕ ነው። እትዬ አስረሳሽ ፊታቸውን ታጥበው መጡና ለጋሹ ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ። እንድጽፍላቸው የነገሩኝ ቃል ይህ ነው፤ ሚስትህ አርግዛለች፣ እኔ እናትህ ሳላውቅ ኮሶ አጠጥቻት ነበር፣ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም። እሺ ብዬ ጻፍኩ፤ የጻፍኩት ግን የራሴን ነው። እናትህ ጠይቀውኝ ነበር፣ ዋሸኋቸው፣ እየጠረጠርኩ አውቄ ጠጣሁት፣ ብትጣላም ከእኔ ጋር ተጣላ አልኩት።

ሳነብላቸው የሳቸውን ቃል ላነብ ነበር ያሰብኩት። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ሁለት ዙር እኔው ራሴ ያስተማርኳቸውን ሴትዮ እንዴት ረሳሁ? ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እየተመለሱ አነበቡት። ጨርሰው ጣታቸውን ወደ መካከሉ መለሱ።

«ይቺን አውቄ ያልሻትን ሰርዢያት» አሉኝ።

ጋሹ እውነቱን ማወቅ አለበት አልኳቸው።

«ለጋሹ ሲመጣ በአፍሽ ትነግሪዋለሽ፤ እሱ ባልሽ ነው። ወረቀት ግን ይቀመጣል። ልጁ ነገ ፊደል ሲቆጥር ያገኘዋል።»

ልጁ አሉ። በአሥሩ ቀን አንዳችንም በዚያ ስም ደፍረን አልጠራነውም ነበር። እስክሪብቶውን አነሳሁና ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ሰረዝኩት።