የጆንያው ሚዛን

መሕጁብ ሸበጡን አውልቆ የጆንያ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ብረቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነበር። የኡምዱርማን ሰሊጥ ተራ ገና አልነቃም፤ ከመደዳው ሱቆች በሩ የተከፈተው የነዒም ብቻ ነው። ነዒም በሚዛኑ ክንድ ላይ ያለችውን ብረት በጣቱ ገፋት፣ መለሳት፣ እንደገና ትንሽ ገፋት። ክንዱ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዘጠና» አለ። «ያው ነህ።»

መሕጁብ አልወረደም። ልብስ ሰፊ እንደሚለካው ሰው እጁን ወደ ጎኑ አድርጎ ቆሞ ክንዱን ያያል።

ነዒም ይህን ሰው ከዓመት በላይ በየሳምንቱ መዝኖታል። ድሮ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሸክመኞቹ ዙሪያውን ይሰበሰቡ ነበር። «ይህን ጆንያ ማን ሞላው? አፈር አለበት፣ ይበጠር!» ይላል አንዱ። «ከነማሰሪያው ነው እንዴ የምትመዝነው?» ይላል ሌላው፣ ቀበቶውን እያሳየ። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ክንዱ ዘጠና ላይ ሲቆም ነዒም ለተራው ሰው ሁሉ ሻይ አዝዞ ነበር። ዛሬ ግን መሕጁብ የመጣው ከለቅሶ ድንኳን ነው። እህቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አንተ ሰው፣ የለቅሶው ምንጣፍ ሳይነሳ ከቤት ይወጣል እንዴ? ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ልመዘን።»

«ለማን?»

ነዒም ቃሉ ካመለጠው በኋላ ፊቱን አዞረ። ጨርቅ አንስቶ ንጹሑን ሚዛን መወልወል ጀመረ። «አላህ ይማራት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲያው አፌ ነው፣ አትቀየመኝ።»

መሕጁብ ሸበጡን አጠለቀ። የነዒም ጥፋት አልነበረም። ጥያቄው ከመቃብር ሲመለስ ጀምሮ አብሮት የሚሄድ ጥያቄ ነው።

እግሩ በልማድ ወደ ወንዙ ወሰደው። ከአቡሩፍ ሰፈር እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ቤቱ፤ ዓመቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ የሄደበት መንገድ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ቀና ብለው አዩትና መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው የፋቲሃን ጸሎት አደረሱለት። እሱም መዳፉን ከፍቶ ቆመ። እጁ የራሱ አልመስል አለው። የእጅ ሰዓቱ ክንዱ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ክርኑ ይወርዳል።

ሲታና ታናሹ ነበረች። የኩላሊት በሽታው የእናታቸው ነው፤ እናታቸውንም የወሰደው እሱ ነው። ሲታና ላይ የታየው በእግሯ ነበር። አንድ ቀን የጫማዋ ማሰሪያ እግሯ ላይ ጎድጓዳ መስመር ጥሎ አየና «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። «ቆሜ ስለዋልኩ ነው» አለችው። መስመሩ ሊጥ ላይ እንዳረፈ ጣት ሳይሞላ ቆየ። እሱም አመናትና ወደ ሱቁ ሄደ። ሐኪም ቤት የደረሱት ፊቷ ካበጠ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሟን በማሽን ታሳጥብ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ነገር አታስጌጥም። «አጎቴ፣ ኩላሊትዎ ንጹሕ ነው፣ ለእህትዎም ይሆናል» አለችው። «ግን እንዲህ ሆነው አልቀድዎትም። በአንድ ቀን ሁለት ሰው መግደል አልፈልግም። ዘጠና ኪሎ ሲገቡ ይምጡ።»

ያን ጊዜ መቶ ሃያ አልፎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወፍራም ነው፤ አባቱም ወፍራም ነበር። በነሱ ተራ የወፍራም ነጋዴ ቃሉ ይታመናል፣ የቀጭን ነጋዴ ሚዛኑ ይመረመራል። መሕጁብ ግን አላመነታም። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ። ሥጋውን ለኢክላስ፣ ለሲታና ልጅ፣ አሳለፈ። ለራሱ ደረቅ የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ብቻ አስቀረ፤ ያውም ቅባት ያልነካው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያበስሉለት አክስቱ ሐጃ በቱል ናቸው። በቢላዋው እንዳይደነግጡ ለጤናው መሆኑን ብቻ ነገራቸው። «ይሁን፣ እንዳልክ» አሉት።

መጀመሪያ ክብደቱ ወረደ። ከዚያ የብርዱ ወራት ሲገባ ክንዱ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። መሕጁብ ራቱን ተወ። አልወረደም። መንገዱን አረዘመ። አልወረደም፤ እንዲያውም አንድ ሳምንት ጨመረ።

«የሚበሉትን እውነቱን ይንገሩኝ» አለችው ሐኪሟ።

«የነገርኩሽን ነው።»

«ሚዛን አይዋሽም፣ አጎቴ።»

ራሱን መጠርጠር ጀመረ። በእንቅልፉ ተነስቶ የሚበላ መሰለው። ማታ ማታ ማዕድ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለኢክላስ ይሰጣት ነበር። ሲታና ግቢው ውስጥ በጠፍር አልጋዋ ላይ ተጋድማ ይህን ታያለች። አፏ እንደ ድሮው ነው፤ ሕመሙ አልነካውም። «እኔ አብጬ፣ አንተ ወፍረህ፣ ይህ ቤት በቅርቡ በር ያሰፋል» ትላለች። አንድ ምሽት ግን ቀልዱን ተወችው። ደሟን ታጥባ መምጣቷ ነበር፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ፣ ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ» አለችው። «ቢላዋ ያስፈራል። አልቀየምህም።»

«አልፈራሁም።»

«ሐኪሟ ትበላለህ ትላለች።»

«አልበላሁም፣ ሲታና። በአላህ።»

«እሺ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። እሺ ያለችው ላላመኑት ሰው በሚባልበት ድምፅ ነበር።

ብርዱ ሲያበቃ፣ በረጀብ ወር፣ ሐጃ በቱል የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ መደኒ ከተማ ሄዱና ማዕድ ቤቱን ኢክላስ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ክብደቱ እንደ ተቀደደ ጆንያ ፈሰሰ። መሕጁብ እርምጃዬ ነው ብሎ አሰበ፤ ዱዓዬ ነው ብሎም አሰበ። ዘጠና ገባ። ሐኪሟ ቀን ቆረጠች። ሲታና ቀኑ ሳይደርስ ትኩሳት ያዛት፤ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገባ አሉ። ሌሊቱን አላሳደራትም፤ ሐጃ በቱል ከመደኒ የደረሱት ሬሳውን ለማጠብ ነው።

መሕጁብ ድልድዩ ሥር ቆሞ ውሃውን አየ። ከቀብሩ ወዲህ ከሻይና ከቴምር በቀር አልቀመሰም፤ በሐዘን አይደለም፣ ሰውነቱ መብላት ረስቶ ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ምንጣፉ ሲነሳ ሰደቃው ይቀርባል። እበላለሁ ብሎ ወሰነ። ነገም እበላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሥጋ ሲጠብቅ የኖረው እንደ ሰው አደራ ነው። የአደራው ባለቤት ከሞተች በኋላ ዘበኛው ምን ይሠራል?

ቀትር ላይ ወንዶቹ ምንጣፎቹን አንስተው አቧራቸውን አራገፉ። ድንኳኑ ወረደ፤ መንገዱ ተመልሶ መንገድ ሆነ። ሰዉ «አላህ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ» እያለ ሲበተን መሕጁብን ከውስጥ ጠሩት። ግቢው ውስጥ የቀሩት ቤተሰቡና ጥቂት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። መሃል ላይ ትልቁ ትሪ ተቀምጧል፤ ገንፎው እንደ ጉልላት ቆሞ፣ ዙሪያውን ወጡ ከቦት፣ ላዩ ላይ ቅባቱ ያበራል።

የጎረቤቷ ዘሃራ ገና ስታየው አፏን በልብሷ ጫፍ ያዘች። «ይሄ መሕጁብ ነው? ወይ ጉድ! አንገቱ እኮ የሰጎን ሆነ። ሐጃ፣ እርስዎ እያሉ ሰው በቤትዎ እንዲህ ይከሳል?»

«እኔን አትንኪኝ፣ ዘሃራ!» ሐጃ በቱል ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ሦስት ቀን ሲያለቅሱ ድምፃቸው ተሰንጥቋል፤ ዓይናቸው ግን በኩራት በራ። «ይህ ልጅ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው በኔ ነው። ገንፎውን ደረቅ ያድርጉልኝ ይለኛል፣ እሺ እለዋለሁ። ደረቅ ገንፎ ለታሳሪ ነው የሚሰጠው! ከሱቁ ካመጣው ከሰሊጡ ዘይት በጭልፋ ቀድቼ አሽበትና ላዩን በባሚያ እሸፍንለታለሁ። ብርዱን ሙሉ! አንድ ቀን አልነቃብኝም። እኔ መደኒ ብሄድ ነው አጥንቱ የወጣው።»

«አበጀሁ በሉኛ!» አለች ዘሃራ። «ነጋዴውን በራሱ ሸቀጥ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲታና ከሞተች ወዲህ በዚያ ግቢ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር፤ ራሳቸውም ደንግጠው ወዲያው ዋጡት።

መሕጁብ አልሳቀም። ሃያ ዓመት ከሰሊጥ መካከል የኖረ ሰው ነው፤ ልብሱ፣ ጢሙ፣ ትራሱ ሳይቀር ሰሊጥ ይሸታል። አፍንጫው ያን ሽታ መለየት ካቆመ ቆይቷል።

«ስንት ጭልፋ ነበር፣ አክስቴ?» አለ።

«አሁን እሱን ልትሰፍር ነው? እጄ እንደመራኝ!»

«ጠዋት ጠዋት?»

«ጠዋትም ቀትርም፣ የእህቴ ልጅ። አንድ ልጅ ሲሄድብኝ እያየሁ ሁለተኛውን ልስደድ?»

ግድግዳውን አየ። ሲታና ፊቷን ያዞረችበት ግድግዳ ነው፤ ጠፍር አልጋዋን ለሬሳው መታጠቢያ አንስተውት ቦታው ባዶ ነው። «እሺ» ያለችው ድምፅ ጆሮው ውስጥ መጣ። ፈሪ ነው ብላ ሄዳለች። ፈሪም ውሸታምም ነው ብላ፣ አልቀየምህም ብላ።

ሐጃ በቱልን አያቸው። ጣቶቻቸው ጠማማ ናቸው። ያ እጅ ሁለቱንም አሳድጓቸዋል። ያ እጅ ከትናንት በስቲያ ሲታናን አጥቧል። አሁን አንድ ቃል ቢናገር አሮጊቷ ከተቀመጡበት አይነሱም። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዋጠው። ዓመቱን ሙሉ ከዋጠው ነገር ሁሉ እሱ ከበደው።

«ና ተቀመጥ» አሉት። «ለእህትህ ነፍስ ነው። የሙት ሰደቃ አይመለስም።»

ተቀመጠ። ከገንፎው ቆረሰና ወጡ ውስጥ ነከረው። ዘይቱ በጣቶቹ መካከል ወርዶ አንጓው ላይ ደረሰ። ለማን? አለ በልቡ። ትሪውን ብቻውን ሊጨርሰው ፈለገ። ያን የተሰረቀ ብርድ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ እስኪያስመልሰው ድረስ ሊበላው ፈለገ። ሴቶቹ ያዩታል። ጉርሻውን ወደ አፉ አነሳ።

በዚህ ጊዜ ኢክላስ ለቀሩት ሰዎች የእጅ ውሃውን ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ መጣችና ከጎኑ ጎንበስ አለች። ከሳፋው ወዲያ እግሯ ታየው። ልጅቱ ቀጭን ናት፤ እንደ እናቷ የሸምበቆ እግር ነው ያላት። የጫማዋ ማሰሪያ ግን ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል።

የመሕጁብ እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ኢክላስ፣ ጫማሽ ይጠብሻል እንዴ?»

«የቱ? ይሄ?» ወደ እግሯ አየች፣ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አይ አጎቴ፣ ቆሜ ስለዋልኩ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ቆማ ውላለች፤ እውነቷን ነው። ሰው ሦስት ቀን ከቆመ እግሩ ያብጣል። ማንም ያብጣል።

«አውልቂው» አላት።

«ምኑን?»

«ጫማሽን። ትንሽ ይረፍ እግርሽ።»

ኢክላስ ግራ ተጋብታ እግሯን ከጫማው አወጣች። ማሰሪያው የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

መሕጁብ ጉርሻውን መልሶ ትሪው ጠርዝ ላይ አኖረው። «ውሃ አፍስሺልኝ» አለ፣ እጆቹን ወደ ሳፋው ዘርግቶ።

«ገና መቼ በሉና ነው፣ አጎቴ?»

«መሕጁብ!» አሉ ሐጃ በቱል። «ሙት ታስቀይማለህ! አንዲት ጉርሻ እንኳ?»

«ጠግቤያለሁ፣ አክስቴ» አለ፣ ቀና ሳይል። «እርስዎ አጥግበውኛል።»

ኢክላስ ማንቆርቆሪያውን ዘቀዘቀች። ውሃው በእጁ ላይ ወረደ፤ ዘይቱን ግን አላነሳውም፣ ጠብ ጠብ እያለ ከላዩ ይንከባለላል። እሱ እጁን አያይም። የልጅቱን እግር ነው የሚያየው። መስመሩ እስኪሞላ ይጠብቃል። ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ፤ የመጨረሻዋም ጠብታ ሳፋው ውስጥ ወደቀች። መሕጁብ እጆቹን እንደዘረጋ ነበር።