ደም እንድንሰጥዎ ይፈቅዳሉ?

«ሰው አለሽ?» አለችኝ ነርሷ ኢፍራህ፣ ክንዴ ላይ ደም ሥር እየፈለገች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። አስታማሚ ማለቷ ነው፤ ምግብ የሚያመጣ፣ መድኃኒት የሚገዛ፣ ሐኪም ሲጠራ «አቤት» የሚል። የለኝም። ባሌ ወልደ ማርያም ካረፈ ወዲህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያስል እንኳ የለም። ልጅም አልወለድንም። ግን ጎኔ ባለው አልጋ የተኛችው የሀሊሞ ዘመዶች ከገጠር ከዋሂል ተጭነው መጥተው አልጋዋን እንደ ሠርግ ቤት ሞልተውታል፤ ኢፍራህ ስትጠይቀኝ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። አቦ፣ ምን ያያሉ?

«አለኝ እንጂ!» አልኩ። «ልጆቼ ይመጣሉ።»

አፌ ነው። ድሮም አፌ አያርፍም።

ጨጓራዬ ቆስሎ ሲደማ ከርሞ ነው ሆስፒታል የገባሁት። ቀና ስል ጣሪያው ይዞርብኛል፣ ጥፍሬ ነጥቷል። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኒቆዲሞስ መጣ። ከጎንደር በቅርብ የተመደበ ለጋ ልጅ ነው፤ ሲያናግርህ ድምፁ አይሰማም።

«እማማ የሺአረግ፣ ደምዎ በጣም ወርዷል። ደም እንድንሰጥዎ ይፈቅዳሉ?»

እንግዲህ እኛ ድሬዎች አንቱ አናውቅም። እናቴን ራሷን አንቺ እያልኩ ነው የቀበርኳት። «ይፈቅዳሉ» ሲል ልጆቼን መሰለኝ። እነዚያን ያልወለድኳቸውን! ኢፍራህ ነግራው ነው አልኩ በልቤ፤ አሁን «የታሉ?» ሊለኝ ነው። ላብ አጠመቀኝ።

«አይፈቅዱም» አልኩት።

«ይፈቅዳሉ» ካልኩት «ይምጡና ይፈርሙ» ይለኛላ! አይፈቅዱም ካልኩ ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደግሞስ የሚከለክል ልጅም ልጅ ነው፤ ከምንም ይሻላል።

ዶክተሩ ደነገጠ። «ለምን እማማ? የሚፈሩት ነገር አለ?»

«ፈሪዎች ናቸው» አልኩ። «ትልቁማ በተለይ።»

ራሴን እየሳትኩ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይስሙኝ። ደም ካልወሰዱ ልናጣዎ እንችላለን።»

ሰማሁት። ሞትን ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን «ሰው የለኝም» የምትለውን ቃል ከሞት ይበልጥ ፈራኋት። ግድግዳውን ማየት ያዝኩ።

ያን ጊዜ ኢፍራህ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች። ዶክተሩ «አልፈቅድም ብለዋል» አላት።

«እኔ መቼ አልኩ!» አልኩ። «እነሱ ናቸው እንጂ! ልጆቼ ይፈቅዳሉ ወይ አላልከኝም?»

ኢፍራህ ሁለታችንን አፈራርቃ አየችና ሳቋ አመለጣት። «ወላሂ አንቺ ሴትዮ! አንቺን እኮ ነው! ትፈቅጃለሽ ወይ ነው የሚልሽ፤ የደገኛ አንቱታው ነው!»

«እኔን?»

«ታዲያ ደሙ የሚገባው ማን ውስጥ ነው?»

ሳቋ እኔንም ሊያስቀኝ ነበር። ግን የሚጠይቀው እኔን ከሆነ፣ ያን ሁሉ የቀባጠርኩት ለማን ኖሯል?

«ልጅ የለኝም» አልኩ። ቀስ ብዬ ልናገር አስቤ ጮክ ብሎ ወጣ። «ማንም የለኝም። ዋሽቼ ነው።»

የሀሊሞ ወንድም ሂርሲ እንዳላፍር ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እሱ መዞሩ ነው ያስለቀሰኝ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰው ቢኖረኝም ባይኖረኝም የሚጠየቀው እኔው እንደሆንኩ ነገረኝ። ደሙ ከበጎ ፈቃደኛ የተለገሰና የተመረመረ መሆኑን፣ ሆኖም ሊያተኩሰኝ፣ ሊያሳክከኝ፣ አልፎ አልፎም የባሰ ነገር ሊያመጣ እንደሚችል፣ አልፈልግም ማለትም መብቴ እንደሆነ አስረዳኝ። ከዚያ ፊቴን እያየ ጠበቀኝ። የሰው ፊት መልሴን ሲጠብቅ ካየሁ ዘመን ሆኖኛል፤ ወልደ ማርያም እራት ምን እንሥራ ሲለኝ ነበር እንዲህ የሚያየኝ።

«እፈቅዳለሁ» አልኩት። ብዕሩንም ተቀብዬ ፈረምኩ።

ደሙ ተሰቀለ። ኢፍራህ አጠገቤ ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ላይ ነርስ ቁጭ ብላ መከታተል አለባት አሉ። የእጄን ትርታ ይዛ ስለ እናቷ ሱቅ፣ ስለ ባጃጅ ሾፌሮች ጥጋብ፣ ስለ ሙቀቱ አወራችኝ። እኔም መለስኩላት፤ ስንት ወሬ ተጠራቅሞብኝ ኖሯል! ከወዲያ ክፍል ስሟ ሲጠራ ተነሣች።

«ብርድ ብርድ ይልሻል? ያሳክክሻል?»

አዎ ብላት እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ደሙንም ታቆመዋለች። «አዎ» አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«አያሳክከኝም» አልኳት። «ምንም አልሆንኩም። ግን ኢፍራህ፣ አትሂጂብኝ።»