የፒኑ ጎን

ቅጠሉ እንቢ አለ። የሽዋስ ክፍተት የሚለካበትን ስሱን የብረት ቅጠል በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሊያስገባ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጫፉ ገባ ብሎ ቆመ። በኃይል ቢገፋው ጎበጠ። አውጥቶ ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጠረገውና ብርጭቆ ወረቀቱን በድቡልቡል እንጨት ላይ ጠቅልሎ የሲሊንደሩን ውስጥ መፈተጉን ቀጠለ።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ምሽጉ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ በለበሰው የመኪና ማደሻ፣ ከሀገሬው ሰው ሞተር የሚነካ የሽዋስ ብቻ ነበር። ጠይብ የጠይብ ልጅ ነውና ከብረት ጋር አይተዛዘብም። ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ያደገ እጁን፣ ካፖ የሚሉት የጣሊያኖቹ መካኒክ አይቶ ወደደለትና ሥራውን አስተማረው። ካፖው ራሱ ግን ወባ ከጣለው ሳምንት አልፎታል፤ ከድንኳኑ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ "ሞተር ሳይክሉ ቅዳሜ ይነሣ" ብሎ ከማዘዝ በቀር ብቅ አይልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረው ስለዚህ ክፍተት ነበር። ፒስተን ሲግል ያብጣል፤ ሲያብጥ ቦታ ይፈልጋል። ቦታው ከፈረስ ጭራ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ያ ከሌለ ሞተሩ በጧቱ ደህና ይነሣል፣ ሜዳውን ደህና ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ሲግል ግን ፒስተኑ ግድግዳውን ነክሶ ቀጥ ይላል። ደግሞ ፒስተን ሲያዩት ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም፤ ከዘንጉ የሚያያይዘው ፒን በሚያልፍበት በኩል ቀጠን ይላል። ስለዚህ በፒኑ ጎን የለካ ሰው ራሱን ይሸነግላል፤ ቅጠሉ ይገባለታል፣ ሞተሩ ግን ጠባብ ነው። መለካት ያለበት ፒኑን በሚያቋርጠው፣ በመስቀለኛው ጎን ነው። ካፖው ይህን ሁለት ጊዜ በጣቱ እየነካ አሳይቶታል።

ከአርባ ቀን በፊት ግን የሽዋስ በፒኑ ጎን ለካ።

ያን ቀን ሞተሩን የነዳው ክንዱ ነበር፤ የጣሊያኖቹን ደብዳቤ ከቡሬ ሽንዲ ያመላልስ የነበረ የጎረቤቱ ልጅ። ፈታምን ተሻግሮ ዳገቱን ሲያጋምስ ሞተሩ ነከሰ። አርበኞች ከጫካ ወጥተው ደረሱበት። ከቦርሳው የተገኘው ደብዳቤ እነሱን በሦስት በኩል ለመክበብ የተጻፈ ነበርና ከከበባው አመለጡ። ክንዱን ግን ባንዳ ብለው እዚያው ገደሉት።

ወዲያው "ጠይቡ ሆን ብሎ ነው" ተባለ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ካፖው ጥፋቱን በመጥፎ ዘይት አመካኝቶ ዝም አለ፤ ሀገሩም ወሬውን ለጣሊያን አላቀበለም። በመካከሉ የየሽዋስ ኑሮ ተለወጠ። ማረሻውን ይፈልጉና ጥላውን ይሸሹ የነበሩ ሰዎች፣ ቡዳ ነው ብለው ልጃቸውን ከዓይኑ የሚሸፍኑ ሰዎች፣ ጠላ ቤት ሲገባ ብድግ እያሉ ቦታ ይለቁለት ጀመር። ዕድሜውን በር ሥር የተቀመጠ ሰው መደብ ላይ ወጣ። አንድ ሽማግሌማ "ከኔው ዋንጫ ጠጣ" አሉት። ጠጣ። እውነት ለመናገር ጣፈጠው። ሆን ብዬ ነው አላለም፤ ስቼ ነውም አላለም።

ስቼ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ወይም እንዲህ ብሎ ራሱን ሲያስተኛ ከረመ። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር ይሰማዋል። ቡሬ ውስጥ ያለው አንድ ሞተር ሳይክል ነው፤ እሱም አንጀቱ ወጥቶ ፊቱ ተዘርግቷል። ይሁን እንጂ ቀትር ላይ፣ ሰው መሐል፣ ከዳገቱ በኩል ድምፁ ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ከዚያ ቁርጥ ይላል። ድምፁን ለምዶታል። የሚያስፈራው መቋረጡ ነው።

"የሽዋስ! በር ላይ አንዲት እናት ይፈልጉሃል" አለ ረዳ።

ረዳ ከመረብ ማዶ የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነው፤ ቅዳሜ ሞተሩን የሚነዳው እሱ ነው። የሽዋስ እጁን እየጠረገ ወጣ። ከግቢው በር ውጭ የክንዱ እናት፣ እማማ ሲሳይነሽ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው ቆመዋል።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ?"

"ይመስገነው። ሥራ ላስፈታህ አልመጣሁም። ዛሬ የክንዱ አርባ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቃለህ" አሉ። "ቢሆነኝ ኸጫካ ልኮብኛል። እሱ ያለው ኸነዚያው ኸወንድሙ ገዳዮች ጋራ ነው። ባንተ ስም ይፎክራሉ አሉ፤ የጣሊያንን ብረት የገደለ ጠይብ እያሉ። ልጄ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ምን ብሎ ላከብኝ መሰለህ? 'እነሱን አልጠይቅም፤ ጦርነት ላይ ናቸው። የሽዋስ ግን የእናቴን ምግብ በልቷል። አውቆ ኸሆነ ደሜን እፈልጋለሁ' አለ።"

የሽዋስ መሬት መሬት አየ። ሰው ሁሉ ሲሸሸው ከክንዱና ከቢሆነኝ ጋር በአንድ ገበታ ያበሉት እኚህ ሴት ነበሩ። ጎረቤት "ኸቡዳ ጋራ?" ቢላቸው "የሚበላውስ የኔን ሽሮ ነው" ብለው ያሳፈሩት እሳቸው ነበሩ።

"እኔ ደም አልፈልግም" አሉ እማማ ሲሳይነሽ። "አንዱን ልጄን ቀበርሁ፤ ሁለተኛውን ነፍሰ ገዳይ አላደርግም። እኩለ ቀን ላይ ሚካኤል ደጅ ና። አባ ወልደ ዮሐንስ ወንጌሉን ይዘው ይቆማሉ። እጅህን ጭነህ 'አላወቅሁም፣ ስቼ ነው' በል። ያችን ብቻ። አምንሃለሁ። ቢሆነኝም መሐላ ያከብራል።"

"እመጣለሁ፣ እማማ።"

"ኸዚያ ኸኛ ጋራ ትቀመጣለህ። ቦታህን አስይዣለሁ።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። የሽዋስ እስኪርቁ ቆሞ አያቸው። ልቡ ቀለል አለው። ሁለት ቃል ናት፤ ደግሞም እውነት ናት አለ ለራሱ፤ ሰው ነኝ፣ ሰው ይስታል።

ወደ ሥራው ሲመለስ ረዳ ባዶ የቤንዚን ሳጥን ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያጠብቅ ነበር።

"ይህች ሞተር ቅዳሜ ዳገት ላይ እንዳትጥለኝ ንገርልኝ" አለ በፈገግታ፣ አዲሱን ፒስተን እያየ።

"ምን ትጥልሃለች።"

"ያንን ልጅ እኮ በበቅሎ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።" ፈገግታው ጠፋ። "አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጫካው ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሞተሩ እንደቆመ ጥሎት ቢሮጥ ይተርፍ ነበር። መሬቱን አየሁት፤ በማስነሻው በኩል አፈሩ በጫማው ተቆፍሯል። ቆሞ ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ነው የደረሱበት። ለምን ይመስልሃል?"

የሽዋስ ቅጠሉን በጨርቅ ጠረገ። ለምን እንደሆነ ያውቃል። ክንዱ ሞተሩን በተረከበ ቁጥር መቀመጫውን መታ መታ ያደርግና "የሽዋስ ያበጃት አትከዳኝም" ይል ነበር።

ፒስተኑን አነሣ። ቀለበቶቹን ገና አላለበሰውም። ገልብጦ ወደ ሲሊንደሩ አስገባውና ቅጠሉን በመስቀለኛው ጎን ሰደደ። እንቢ አለ። ያኔ እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ፒስተኑን ሩብ ዙር አዞረና ቅጠሉን በፒኑ ጎን ሰደደው። ሰተት ብሎ ገባ።

የሽዋስ እጁን አየ። መንገድ የጠፋበት ሰው ይደናበራል፣ ያመነታል። እጁ አላመነታም። መንገዱን የሚያውቅ፣ አንድ ጊዜ የሄደበት እጅ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እዚህ የተወጋው አፈር ውስጥ ነው፤ የወጋው ደግሞ ለመርሳት አርባ ቀን ሲደክም ከርሟል። አሁን ሁሉም መጣበት። ያን ጧት ከልብሱ የእህቱ የያይኔአበባ ቤት ጢስ አልለቀቀም ነበር። ሽንዲ አጠገብ ያለውን መንደሯን ወታደሮች ሲያቃጥሉ ከነልጇ ከቤት አልወጣችም። ወታደሮቹን የጠራው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን ያደረሰው ክንዱ ነው። ክንዱ ፊደል አልቆጠረም፤ ምን እንደተሸከመ አያውቅም። ለቅሶ ላይ ከሥጋ ዘመድ በላይ ያለቀሰ እሱ ነበር። የሽዋስ ያንን ለቅሶ አይቶ እንኳ ልቡ አልራራም።

በማግሥቱ እዚሁ ቦታ ቆሞ ለካ። በመጀመሪያ የለካው በመስቀለኛው ጎን ነበር። ቅጠሉ እንቢ አለው፤ ገፍቶት አውራ ጣቱን እንዳመመው እንኳ ትዝ አለው። ከዚያ አዞረ። በፒኑ ጎን ሲገባለት "ይበቃል" አለ ድምፁን አውጥቶ። ክንዱ አጠገቡ ነበር። "አለቀች?" ሲለው "አለቀች" ብሎ መለሰለት።

ከዳገቱ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ቀረበ። ተቋረጠ።

"አለቀች?" አለ ረዳ።

የሽዋስ ደነገጠ። ፒስተኑን አወጣና ከሲሊንደሩ ለይቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አላለቀችም። በዚህ በኩል አትገባም" አለ መስቀለኛውን ጎን በጣቱ እየነካ። "ማንም ቢያበጃት፣ በዚህ በኩል ሲለካ ዓይንህ ሳያይ እንዳትሳፈር።"

"ምን ማለትህ ነው? አንተ ወዴት ልትሄድ ነው?"

"አርባ አለብኝ" አለና ወጣ።

ሚካኤል ደጅ ከዋርካው ሥር ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል። አባ ወልደ ዮሐንስ በቀይ ሐር የተጠቀለለውን ወንጌል ታቅፈው ቆመዋል። እማማ ሲሳይነሽ ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ አርባ ቀን ሙሉ ያልበራ ፊት ነበር። የሽዋስን ከሁሉ የጎዳው ያ ነው።

"እጅህን ጫን፣ ልጄ" አሉት አባ። "ከኔ በኋላ ትላለህ፦ አላወቅሁም..."

እጁን አነሣ። ቢምል ይኖራል። እኚህ ሴት ይተኛሉ፣ ቢሆነኝ ከደም ይድናል። ውሸቱ ለሁሉም ምሕረት ነው፣ ለሱም ጭምር። ከዚያ በኋላ ግን እሳቸው ቦታ ያስያዙለት ገበታ አለ። ከክንዱ ድግስ ይቆርሳል፣ "ብላ ልጄ" ይሉታል፣ ይጨምሩለታል። ያንን የሚውጥ ጉሮሮ እንደሌለው አወቀ።

እጁን መለሰ።

"አልምልም፣ አባ።"

"ምን አልህ?" አሉ እማማ ሲሳይነሽ።

"መጀመሪያ በትክክለኛው ጎን ለክቼ ነበር፣ እማማ። እንቢ አለኝ። ኸዚያ ነው ያዞርሁት። አልሳትሁም።"

ስለ ፒስተን ምንም አያውቁም፤ የመጨረሻዋ ቃል ግን ገባቻቸው። ከዋርካው ሥር የተቀመጡት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ። ጠላ ቤት ቦታ የለቀቀለት ሰውም እዚያ ነበር።

"ለያይኔአበባ ብለህ ነው?" አሉት እማማ ሲሳይነሽ።

"አዎ።"

"ክንዱ እኮ ማንበብ አይችልም ነበር።"

"አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።"

እማማ ሲሳይነሽ ወደ መሬት ቀስ ብለው ተቀመጡ። አላለቀሱም። በመጨረሻ ለካህኑ "ወንጌሉን ያስገቡት፣ አባ" አሉ። ወደ የሽዋስ ግን አላዩም።

"ቢሆነኝ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል" አሉ። "ሦስት ቀን ብዙ ነው። የዓባይ በረሃ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ስንቱ ገብቶበት ተረስቷል። ልጄ መጥቶ የሽዋስ የታለ ቢለኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?"

የሽዋስ ምን እንደሚሉት ገባው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊነካ እጁን ሰደደ፣ ሳይነካቸውም መለሰው።

"ቤቱ ነው ይበሉት" አላቸው።