አሥራ ሰባቱ አንዶች

መምህርት ሂሳኖ በዘንግ ላይ ዶቃ የሚንሸራተትበትን የሒሳብ መቁጠሪያ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጡረታ በወጡ ጊዜ ስእለት ተሳሉ። አባቶች ያረጋገጡትን የሒሳብ ሐቅ በእንጨት ሰሌዳ ጽፈው ለአማልክት በሚሰቅሉበት በመንደሩ መቅደስ፣ እሳቸውም በገዛ ጣታቸው ያረጋገጡትን አንድ ታላቅ ብቸኛ ቁጥር ሊሰቅሉ። ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል የማያካፍለው ነው። የመረጡት በአሥራ ሰባት አንዶች የሚጻፈውን ነበር።

አካፋይ ቢኖረው፣ ለሠላሳ አራት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው መሆን እንዳለበት በወጣትነታቸው ተምረዋል። እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ከታች ጀምረው በየተራ፣ በቀን አርባ አርባውን፣ አራት ዓመት ሞከሩ። ሥራው ከዕድሜያቸው እንደሚረዝም ያውቃሉ፤ አላቋረጡም።

ትዕግሥቱ ያለቀው የመንደሩ ሰው ነው። አዲሱ የመቅደስ ጣራ በመከር በዓል ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የቀድሞ ተማሪያቸው አናጢው ጌንዞ አሥራ ሰባቱን አንዶች «ብቸኛ» ከሚል ቃል ጋር በዝግባ ሰሌዳ ቀርጾ፣ ተሸክሞ መጣ።

ሂሳኖ በዚያው ጠዋት 2,071,723 ላይ ደርሰው ነበር። አሥራ ሰባቱን አንዶች ሲያካፍሉበት ቀሪ አልተገኘም፤ ቁጥሩ ብቸኛ አልነበረም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ያው ነው።

ይህን ሲነግሩት ጌንዞ ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፎ ራሱን አከከ። መንደሩ ሁሉ እንደሰማ፣ ካህኑም ግብዣ እንዳሰናዱ አስረዳ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህርት፣ እንስቀለውና ይለፍ። አራት ዓመት የፈጀብዎትን ነገር ማን ሊያጣራው ነው? ዓሣ ሻጩ?»

«የሰባትን ብዜት ከጎረቤትህ ስትገለብጥም እንዲሁ ነበር ያሰብከው።»

«አልተያዝኩም እኮ።»

«ጎረቤትህም ተሳስቶ ነበር። ሁለታችሁንም አውቄያችሁ ነበር።»

ጌንዞ ሳቀ። እሳቸው ወደ ዶቃው ዞሩ። የማካፈሉ ውጤት ገና እዚያው ተደርድሯል፦ 5,363,222,357። ይህን የሚያካፍል ሁሉ አሥራ ሰባቱን አንዶችም ማካፈሉ አይቀርም። የሚካፈልም ቢሆን፣ ከአካፋዮቹ አንዱ ከሰባ ሦስት ሺህ እምብዛም አይበልጥም። እስከዚያ ያሉትን ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጨርሰዋቸዋል። ደብተሩን አውጥተው ገጽ በገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሳይሞከር የታለፈ አንድም አልነበረም፤ ያካፈለም አልነበረም።

«መላጊያህን ይዘሃል?»

«መቼ ተለይቶኝ ያውቃል?»

«እንግዲያው አንዶቹን ላጋቸው። በምትካቸው አሥር አሃዝ ትቀርጻለህ።»

ጌንዞ ከአሥራ ሰባት ወደ አሥር መውረድ ለመንደሩ ውርደት እንደሚመስል አጉረመረመ፤ የዋለበትንም እንጨት በእጁ ዳበሰ።

«አንሷል» አሉ ሂሳኖ። «ነገር ግን ብቸኛ መሆኑን አውቃለሁ። የተሳልሁትም የማውቀውን ልሰቅል ነው።»

አናጢው ሰሌዳውን በጉልበቱ ላይ አጋደመ። የመጀመሪያው አንድ ተልጎ በቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወደቀ። መምህርቷ ዓይናቸውን አልመለሱም፤ አሥራ ሰባተኛው እስኪነሳ ድረስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቁት።

«አምስት ብለህ ጀምር» አሉት።